ቁጥር በኅሊና ውስጥ የሚይዘው ስፍራ፦ በሲነስቴዥያ ጥናት ላይ የተደረገ ዳሰሳ

ሲነስቴዥያ አንድ የሚሰማ፣ የሚነበብ ወይም የሚታሰብ ነገር በተለምዶ ከእርሱ ጋር የማይያያዝ ሌላ ስሜት ወይም ምስል ሳይጠራ አብሮ እንዲነሣ የሚያደርግ የአእምሮ ባሕርይ ነው። ሙዚቃ ሲሰሙ ቀለም የሚታያቸው፣ ሲያነቡ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቀለም ይዞ የሚመጣላቸው፣ ቃል ሲሰሙ በምላሳቸው ላይ ጣዕም የሚያገኙ ሰዎች ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ባሕርዩ በሽታ አይደለም፤ አብዛኞቹ ባለቤቶቹም ሌላው ሰው እንደ እነርሱ የማያይ መሆኑን የሚያውቁት ካደጉ በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ ነው። ከዓይነቶቹ መካከል ስለ ሰው አስተሳሰብ ብዙ የሚያስተምረው፣ ነገር ግን የቀለሙን ያህል ትኩረት ሳያገኝ የቆየው፣ ቁጥሮች በኅሊና ውስጥ ቋሚ ስፍራ የሚይዙበት ሲሆን በጥናቱ መስክ «የቁጥር ቅርጽ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል።

የቁጥር ቅርጽ ያለው ሰው 7 ወይም 43 የሚለውን ቁጥር ሲሰማ ወይም ሲያስብ ቁጥሩ የሚገኝበት ስፍራ አብሮ ይመጣለታል። ስፍራው በዚያች ቅጽበት የሚመረጥ ወይም የሚፈጠር አይደለም፤ ነባር የገበያ ደንበኛ የበርበሬው ተራ ወዴት እንደሆነ ሳያሰላስል እንደሚያውቀው ሁሉ፣ ይህም ሰው 43 ከ40 አለፍ ብሎ በየትኛው መታጠፊያ ላይ እንዳለ ያውቀዋል። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ቢቀመጡም መስመሩ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ከ1 እስከ 10 ሽቅብ ወጥቶ 10 ላይ ወደ ጎን የሚታጠፍ፣ 20 ላይ እንደገና የሚሰበር፣ ከ100 በላይ ሲሆን የመጀመሪያውን አካሄድ የሚደግም ወይም እየደበዘዘ ሄዶ የሚጠፋ አለ። ለአንዳንዱ ሰው ቅርጹ ከፊት ለፊቱ በጥቂት ክንድ ርቀት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሌላው ራሱን በመካከሉ ቆሞ ያገኘዋል፤ ለሌላው ደግሞ ቅርጹ ያለው በውጭ ሳይሆን በኅሊናው ዓይን ብቻ ነው። ትንንሾቹ ቁጥሮች ሰፊ ቦታ ይዘው ትልልቆቹ የሚጨናነቁበት፣ አንዱ ክፍል ብርሃን ሲያርፍበት ሌላው ጥላ የሚያጠላበት፣ እያንዳንዱ ቁጥር በተጨማሪ ቀለም የሚኖረው ቅርጽም ተመዝግቧል።

ይህን ከተራ ምናብ የሚለዩት ነገሮች በአንድ ላይ ሲታዩ ነው ክብደት የሚኖራቸው። ቅርጹ ሳይጠራ ይመጣል፣ ባለቤቱ እስከሚያስታውሰው የልጅነት ዘመን ድረስ ወደኋላ ይዘልቃል፣ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅም ያንኑ ሥዕል መልሶ ይሥላል። ከሁሉም በላይ ግን የግል ነው። የአንዱ 15 ከግራ ትከሻው በላይ ሲሆን የሌላው 15 ከእግሩ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ልዩነት ትምህርት ቤትም ሆነ ቤተሰብ ያስተማረው ምክንያት አይገኝለትም። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ጥናቶች ብዙዎቹ የተጋጩት ይህን የግልነት በሚገባው መጠን ሳይመዝኑት በመቅረታቸው እንደሆነ ማሳየት ይቻላል።

ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ያጠናው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። ጋልተን ሰዎች ከፊታቸው የሌለን ነገር በኅሊናቸው ምን ያህል አጥርተው እንደሚያዩ ለማወቅ መጠይቅ ሲያሰራጭ፣ ከመላሾቹ ጥቂቶቹ ቁጥሮችን በተወሰነ ሥርዓት ተደርድረው እንደሚያዩ ጻፉለት፤ እርሱም ሥዕሎቻቸውን ሰብስቦ በ1880 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ። በዚያው ዓመት ለለንደን የአንትሮፖሎጂ ተቋም ባቀረበው ጥናት ከተካተቱት ምስክሮች አንዱ በልጅነቱ በስሌት ችሎታው ስመ ጥር ከነበረው ከጆርጅ ቢደር የተወለደውና የአባቱ ሞክሼ የሆነው የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር በእርሱ ዘንድ የማይለወጥ የራሱ ስፍራ እንዳለው አስረድቷል። ጋልተን ከወንዶች በ30 አንድ፣ ከሴቶች በ15 አንድ ሰው ያህል ይህ ባሕርይ እንዳለው ገመተ። በተደጋጋሚ የመጀመሪያዎቹ 12 ቁጥሮች እንደ ሰዓት ገጽ በክብ ተደርድረው ማየቱንም መዘገበ፤ ቅርጾቹም ልጅ የቁጥር ምልክቶችን ከመማሩ በፊት፣ የቁጥር ስሞችን በቃሉ በሚይዝበት ወቅት፣ ለራሱ መያዣ እንዲሆኑት የፈጠራቸው ሳይሆኑ አይቀርም ብሎ አሰበ።

የጋልተን ሥራ ሲጠቀስ ሁለት ነገር አብሮ መነገር አለበት። አንደኛው፣ ምስክሮቹ በአብዛኛው እርሱ ከሚያውቀው የተማረ ማኅበረሰብ የመጡ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ እነዚህን ሥዕሎች በ1883 ያካተተበት መጽሐፍ የሰውን ዘር መርጦ ማራባት ይገባል ለሚለው አስተሳሰብ ስም ያወጣለት ያው መጽሐፍ መሆኑ ነው፤ ቅርጹ በዘር ይወረሳል የሚለው ትኩረቱም ከዚህ እምነቱ ተነጥሎ ሊነበብ አይገባውም። ይህ ሁሉ ሆኖ የሰበሰባቸው ሥዕሎች ግን ዋጋቸውን አላጡም። ባለቤቶቹ የሚሉትን ሳያስተካክልና ወደ አንድ መልክ ሳያመጣ እንደተሰጡት ማተሙ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ላቦራቶሪዎች ያልደረሱበት ታማኝነት ነበር።

በ1893 ቴዎዶር ፍሉርኖይ በጄኔቭ፣ ሜሪ ካልኪንስ ደግሞ በአሜሪካው ዌልስሊ ኮሌጅ ተመሳሳይ ቅርጾችን በሰፊው መዘገቡ። ከዚያ በኋላ የሥነ ልቦና ጥናት ከውጭ ሊታይና ሊለካ የማይችለውን የውስጥ ገጠመኝ ሁሉ ወደ ጎን ስላደረገ፣ የቁጥር ቅርጽም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከመጽሔቶች ገጽ ጠፋ ማለት ይቻላል። በመካከሉ ብቅ ያለው ትልቅ ምስክርነት ስፖልዲንግና ዛንግዊል በ1950 ያወጡት የአንድ ጭንቅላቱን የቆሰለ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ከመቁሰሉ በፊት ግልጽ የቁጥር ቅርጽ ነበረው፤ ከጉዳቱ በኋላ ቅርጹ ሲደበዝዝበት ሒሳብ መሥራትም አብሮ አስቸገረው። አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ ከእርሱ ብዙ መደምደም አይቻልም፤ ሆኖም ቅርጹ ተረት ሳይሆን በአንጎል ላይ የተመሠረተ፣ ሲጎዳ ሊጎድል የሚችል ነገር መሆኑን አመልክቷል።

ጥናቱ በሚገባ የተመለሰው ዛቪየ ሴሮንና ባልደረቦቹ በ1992 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ከመቶ 14 ገደማ የሚሆኑት የቁጥር ቅርጽ እንዳላቸው ከዘገቡ በኋላ ነው። ኖአም ሳጊቭና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት ጥናት ደግሞ ፊደልና ቁጥርን በቀለም ከሚያዩት ሰዎች መካከል ከመቶ 60 ያህሉ የቁጥር ቅርጽ ሲኖራቸው፣ ሌላ ሲነስቴዥያ ከሌላቸው መካከል ይህ ያላቸው ከመቶ 12 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህ ቅርጹን ከሌሎቹ የሲነስቴዥያ ዓይነቶች ጋር አንድ ቤተሰብ የሚያደርገው ዋነኛ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል ዴቪድ ብራንግና ባልደረቦቹ በ2010 የቁጥር ቅርጽ ዘመድ በሆነ መልክ ወራትን በስፍራ የሚያዩ ሰዎችን ፈልገው ያገኙት ከመቶ 2.2 ብቻ ነው። እነዚህ መቶኛዎች ይህን ያህል መራራቃቸው ሰዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተመራማሪ የተጠያቂውን ቃል ሲቀበል፣ ሌላው በኮምፒውተር ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ወር ስፍራ ደጋግሞ እንዲያመለክት አድርጎ መልሶቹ ምን ያህል እንደሚገጥሙ ይለካል። ሁለተኛው ዘዴ ጥብቅ ቢሆንም የራሱ ችግር አለበት፤ ምንም ቅርጽ የሌለው ሰው ወራቱን ወይም ቁጥሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ በቀጥታ መስመር ቢደረድራቸው በቀላሉ ደጋግሞ ሊያገኛቸው ስለሚችል፣ ፈተናውን የሚያልፈው ሁሉ ባለ ቅርጽ ነው ማለት አይቻልም።

ቅርጹ በአፍ የሚነገር ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ የሚታይ መሆኑን ለማረጋገጥ የተዘየደው መንገድ የምላሽ ፍጥነትን መለካት ነው። ማኑዌላ ፒያሳ፣ ፊሊፕ ፒኔልና ስታኒስላስ ደሃን በ2006 አንዲት ባለ ቅርጽ ሁለት ቁጥሮችን እንድታወዳድር አድርገው፣ ቁጥሮቹ በገጹ ላይ የተቀመጡበት አኳኋን ከቅርጿ ጋር ሲጣረስ ምላሿ እንደሚዘገይ አሳዩ። ከሁሉ የሚያሳምነው በካናዳ ሚሼል ጃሪክና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት፣ «ኤል» በሚል ፊደል ብቻ የምትታወቅ ሴት ላይ የተደረገው ጥናት ነው። የኤል ቁጥሮች ከ1 እስከ 10 ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከ10 እስከ 20 ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ በገጹ መካከል ቁጥር አሳይተው ቀጥሎ በሌላ ስፍራ ብቅ የሚል ምልክት ስታይ ቁልፍ እንድትጫን ሲያደርጓት፣ ዓይኗ የሚፈጥነው ለዚያ ቁጥር በቅርጿ ውስጥ ወደተመደበው አቅጣጫ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ለትንንሾቹ ቁጥሮች ላይና ታች፣ ከ10 በላይ ላሉት ግራና ቀኝ ነው። አንዲት ሴት 10 ላይ የአቅጣጫ ለውጥ አለ ብላ የነገረችውን፣ እጇ በሰከንድ ክፍልፋይ ልዩነት ደግሞ መሰከረላት።

በእስራኤል ሊያት ገርትነር፣ አቪሻይ ሄኒክና ሮይ ኮኸን ካዶሽ በ2009 ያገኙት ውጤት ጉዳዩን ከሌላ ጎን ያበራል። ማንኛውም ሰው ሁለት ቁጥሮችን ሲያወዳድር፣ ቁጥሮቹ በተራራቁ መጠን ውሳኔው ይቀልለዋል፤ 2 እና 9 ከ8 እና 9 በፍጥነት ይለያሉ። ባለ ቅርጾቹ ግን ይህን ልዩነት ያሳዩት ቁጥሮቹ በገጹ ላይ ከቅርጻቸው ጋር በሚስማማ መልክ ሲቀመጡላቸው ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ቁጥርን ከየትኛውም ጎን ማየት ቀላል ሲሆን፣ ለእነዚህ ግን ቁጥሩ ከስፍራው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ስፍራው ሲዛባ የመጠኑ ስሜትም ይዛባል።

እዚህ ላይ ቅርጽ የሌላቸውን ሰዎች ማንሣት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ቁጥርና ስፍራ የሚገናኙት በባለ ሲነስቴዥያዎች አእምሮ ብቻ አይደለም። ደሃንና ባልደረቦቹ በ1993 ተራ ሰዎች ትንሽ ቁጥር ሲመጣ በግራ እጃቸው፣ ትልቅ ሲመጣ በቀኝ እጃቸው ፈጥነው እንደሚመልሱ አሳይተው ክስተቱን «ስናርክ» ብለው ሰየሙት። ማርኮ ዞርዚና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2002 የአንጎላቸው የቀኝ ክፍል ተጎድቶ በግራቸው ያለውን ዓለም የሚዘነጉ ሕሙማን በ2 እና በ6 መካከል ያለው ቁጥር ስንት ነው ሲባሉ 5 እንደሚሉ አገኙ፤ የኅሊና መስመራቸውም እንደሚያዩት ዓለም በግራ በኩል ጎድሎባቸዋል ማለት ነው። የዚህ መስመር አቅጣጫ በአብዛኛው የንባብ ልማድ ውጤት ይመስላል። ሳሙኤል ሻኪና ባልደረቦቹ በ2009 ሲያወዳድሩ፣ ቃልንም ቁጥርንም ከግራ ወደ ቀኝ በሚያነቡ ካናዳውያን ትንሹ ቁጥር በግራ፣ ሁለቱንም ከቀኝ ወደ ግራ በሚያነቡ ፍልስጤማውያን ትንሹ በቀኝ ሲሆን፣ ቃሉን ከቀኝ ቁጥሩን ከግራ በሚጀምሩት እስራኤላውያን ዘንድ የጎላ ዝንባሌ አልታየም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች የሚኖሩ ትምህርት ቤት ያልገቡ የዩፕኖ ሰዎች ደግሞ፣ ራፋኤል ኑኔዝና ባልደረቦቹ በ2012 እንደዘገቡት፣ ቁጥሮችን በመስመር ላይ አስቀምጡ ሲባሉ የመስመሩን ሁለት ጫፎች ብቻ ተጠቅመዋል።

ከዚህ በመነሣት በርካታ ተመራማሪዎች የቁጥር ቅርጽ ሁሉም ሰው ያለው የተሰወረ መስመር ጎልቶ መታየት እንጂ የተለየ ነገር አይደለም ይላሉ። አስተያየቱ ማራኪ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ያብራራል። የተራው ሰው ዝንባሌ በቀላሉ የሚቀየር ነው፤ ያው 5 ከ0 እስከ 5 ባለው ስብስብ ትልቅ ሆኖ በቀኝ፣ ከ4 እስከ 9 ባለው ትንሽ ሆኖ በግራ ይመደባል። የባለ ቅርጽ 5 ግን ከማንም ጋር ቢቀርብ ከስፍራው አይነቃነቅም። የተራው ሰው መስመር ከባህሉ ይመጣል፣ ከጎረቤቱም ጋር አንድ ነው፤ የባለ ቅርጹ መታጠፊያ ግን ከማንም አልተወረሰም። ጥሬ ዕቃው የጋራ መሆኑን መቀበል ይቻላል፤ ከዚያ ጥሬ ዕቃ የወጣውን ግን ግራና ቀኝ ወዳለው አንድ መስመር ማጠፍ፣ ጋልተን በጥንቃቄ ያቆየውን ልዩነት መጣል ይሆናል።

ቅርጹ የሚያስቀምጠው ነገር ብዛት ነው ወይስ ቅደም ተከተል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሊመረመር የሚገባው ነው። ብዛት ስንት ነው ለሚለው መልስ ሲሆን፣ ቅደም ተከተል ስንተኛ ነው ለሚለው መልስ ነው። ቅርጽ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር በተጨማሪ የሳምንቱን ቀናት፣ ወራትን ወይም ፊደላትን በስፍራ ያያሉ፤ ማክሰኞና መጋቢት ደግሞ ተራ እንጂ ብዛት የላቸውም። ጆይ ታንግ፣ ጄሚ ዋርድና ብራያን በተርዎርዝ በ2008 የአንጎልን እንቅስቃሴ በኤምአርአይ ሲከታተሉ፣ ባለ ቅርጾቹ ከሌሎች የተለዩት ብዛትን ሲመዝኑ ሳይሆን ተራን ሲለዩ፣ ያውም በአንጎል የላይኛው የኋላ ክፍል፣ ፓራይታል በሚባለው፣ ጎድጎድ ብሎ በሚገኝ ስፍራ ላይ ነበር። ዴቪድ ኢግልማን በ2009 ባቀረበው ሐሳብም ልጅ ደጋግሞ በቃሉ የያዘው ማንኛውም ዝርዝር በእነዚህ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ስፍራ ያለው ዕቃ ይሆናል። ይህ አስተያየት ከማስረጃው ጋር ከሁሉ የተሻለ ይስማማል። ቅርጾች 10፣ 20 እና 100 ላይ የሚሰበሩት የቁጥር ስሞች የሚታደሱበት ድንበር ስለሆነ እንጂ፣ ከ19 ወደ 20 የሚደረገው ጭማሪ ከ18 ወደ 19 ከሚደረገው ስለሚበልጥ አይደለም።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነውን በተመለከተ የቀረቡት ማብራሪያዎች ገና አልተዋሐዱም። ኤድዋርድ ሃባርድና ባልደረቦቹ ቁጥርንና ስፍራን የሚመለከቱት የፓራይታል አካባቢዎች ጎረቤት በመሆናቸው አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል ይላሉ። በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ማርክ ፕራይስ ደግሞ ቅርጹን ከኃይለኛ የምስል ችሎታ ጋር ያያይዘዋል። ፕራይስና ጄሰን ማቲንግሊ በ2013 እንደተቹት፣ ብዙዎቹ የፍጥነት ፈተናዎች ቅርጹ በግድ የሚመጣ መሆኑን አያረጋግጡም፤ ተፈታኙ ቅርጹን እያወቀ ለሥራው ቢጠቀምበትም ያው ውጤት ሊገኝ ይችላል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ያም ሆኖ ቅርጹ አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ አይነካም፤ የሚነካው መቼና እንዴት ይነሣል የሚለውን ነው።

ቅርጹ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል። ጁሊያ ሲምነርና ባልደረቦቿ በ2009 ጊዜን በስፍራ የሚያዩ ሰዎች የታወቁ ክስተቶችን ዘመን በማስታወስና ምስልን በኅሊና በማገላበጥ ከሌሎች ልቀው አገኟቸው፤ ሪዛና ፕራይስ ግን በ2012 ይህን ብልጫ በስፍራ ምናብ ፈተናዎች ላይ ሊደግሙት አልቻሉም። ዋርድ፣ ሳጊቭና በተርዎርዝ በ2009 ደግሞ ባለ ቅርጾች በማባዛት ስሌት ላይ እንደሚዘገዩ ዘገቡ። ማባዛት በተለምዶ የሚሠራው በቃል ከተያዘው የማባዣ ሠንጠረዥ ስለሆነ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል 56 ቀድሞ በጆሮ ይመጣል፤ ባለ ቅርጹ ግን ወደ ስፍራው ለመሄድ ስለሚያዘነብል መንገዱ ይረዝምበታል። ለመምህራን ይህ ቀላል ግኝት አይደለም፤ ሠንጠረዡን ለመመለስ የሚዘገይ ልጅ ሁልጊዜ ያላጠና ልጅ ላይሆን ይችላል።

እስካሁን የተጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከእስራኤል የመጡ በመሆናቸው፣ ልማድ ከቅርጹ ላይ የሚያሳርፈውን አሻራ ለመለየት ሌላ የዘመን አቆጣጠርና ሌላ የሰዓት ልማድ ያለው ማኅበረሰብ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ለዚህ የምትሰጠው ዕድል ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ጋልተን በተደጋጋሚ ያገኘው ክብ ቅርጽ የሰዓት ገጽ ተጽዕኖ ካለበት፣ አጭሩ ዘንግ 7 ላይ ሲያርፍ አንድ ሰዓት ነው ብሎ በሚያድግ ልጅ ኅሊና የሚቀረጸው በዓይን የሚያየው ቁጥር ነው ወይስ በአፉ የሚጠራው? ከመስከረም የሚጀምር፣ ባለ 30 ቀን 12 ወራት ያሉት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ የሆነችውን ጳጉሜን የሚጨምር ዓመት በስፍራ ሲታይ፣ ጳጉሜን እንደ ወራቱ ሙሉ ስፍራ ታገኛለች ወይስ እንደ ቀኖቿ ቁጥር ትጠባለች? ሙሉ ስፍራ ካገኘች ቅርጹ ተራን እንደሚያስቀምጥ፣ ከጠበበች ግን ብዛትም ድርሻ እንዳለው ያመለክታል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪዎች ወራቱንና ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች በየት እንደሚያዩ በወረቀት ላይ እንዲሥሉ ማድረግ፣ ወራት ካለፉ በኋላም ሳያስጠነቅቁ መልሶ መጠየቅ፣ ሁለቱንም ሥዕሎች ምንም ሳያስተካክሉ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።